መስቀል ያለበት ጓንት

አክስቴ በካልጋሪ ብርድ አታምንም ነበር። ብርዱ መኖሩን አልካደችም፤ ጥርሷ እየተንገጫገጨ እንዴት ትክዳለች? ያላመነችው ብርዱ እሷን የሚመለከት መሆኑን ነው። አገሩ የፈረንጅ ነው፣ ብርዱም የነሱው ነው፣ እኛ እንግዶች ነን፣ እንግዳ ደግሞ አይነካም፤ ሒሳቧ ይሄ ነበር። ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ከተራራው ወርዶ በጥር እኩሌታ በረዶውን ሲያቀልጠው መስኮት ከፍታ “አላልኩሽም? አለቀ እኮ!” ትለኛለች። በማግስቱ የውጭውን በር እጀታ ስትይዝ እጇ እዚያው ይጣበቃል። ይሄ በየዓመቱ ይደገማል፣ እሷም በየዓመቱ ትገረማለች።

ጊዜው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። እኔ ኮሌጅ እየተማርኩ ከእሷ ጋር እኖራለሁ። እሷ ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ መጋዘን ዕቃ ታሽጋለች፤ ከሥራ ውጪ ባላት ጊዜ ደግሞ የሐበሻ ቀሚስ ትጠልፋለች። ስለ መጋዘኑ ሲጠይቋት “ካርቶን ነው” ብላ ታልፈዋለች። ስለ ጥልፏ የጠየቃት ሰው ግን ሻዩ ይቀዘቅዝበታል። አዲስ አበባ ሳለች የሙሽራ እናቶች ደጇ ላይ ተሰልፈው ይለምኗት እንደነበር፣ በዚህ ከተማ ያገባች ሐበሻ ሁሉ ደረቷ ላይ ያለውን መስቀል የጠለፈችላት እሷ መሆኗን፣ ያለ እሷ እጅ ሠርግ ሠርግ እንደማይባል ስትናገር ማቆሚያ የላትም። ግማሹ እውነት ነው። እኔ ራሴ ማታ ማታ ያንን ነጭ ጨርቅ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ የቀኝ እጇን አመልካች ጣት መርፌው ጀርባ ላይ አሳርፋ ስትገፋው ሳያት፣ ቀን የሰማሁባትን ሁሉ ይቅር እላት ነበር።

እንግዲህ ይህቺ ሴት፣ ኑሮዋ በጣቷ የሆነ ሴት፣ ባስ ስቶፕ ላይ ቆማ የምትጠብቀው ቀጭን ጥቁር ጓንት አድርጋ ነበር። በስተ ጎኑ ቁልፍ አለው፣ ቆዳ ይመስላል፣ ቆዳ ግን አይደለም። “ሌዲ ያስመስላል” ትላለች። እዚህ ሚተን የሚሉትን፣ አራቱን ጣት ባንድ ከረጢት ከትቶ አውራ ጣትን ብቻ ለብቻው የሚተወውን ጓንት ለሕፃን እንጂ ለሰው የተሠራ አድርጋ አታየውም። አንድ ቀን ከሱቅ አንስቼ ባሳያት “ሰው በገዛ እጁ ኮቴ ያወጣል?” ብላ መለሰችው።

ብርዱም መለሰላት። በዚያ ዓመት ክረምቱ ገና ሲገባ ጣቶቿ ጫፋቸው ነጣ፣ ቀጥሎ አበጠ፣ ውሃ ቋጠረ። ሐኪሙ የቀኝ እጇን አመልካች ጣት ይዞ ብዙ አገላበጠና፣ “ጣቶች አንድ ላይ ሲሆኑ ነው የሚሞቁት። ሱፍ የሆነ ሚተን አድርጊ። ይቺ ጣት ሁለተኛ ብርድ ከመታት እቆርጣታለሁ” አለ። እኔ ነኝ የተረጎምኩላት፤ አንዲት ቃል አልቀነስኩም። እሷ የሰማችው ግን “እቆርጣታለሁ” የሚለውን ብቻ ነው። ቤት እስክንደርስ ጣቷን በሌላ እጇ ጨብጣ ይዛት ነበር።

ጎረቤታችን ግድግዳ የምትጋራን አንዲት ባሏ የሞተባት አሮጊት ናት። በዕድሜ ለአክስቴ እናት ትሆናለች፤ ነገር ግን እንግሊዝኛ አንቱ ስለሌለው እኛም አንቺ እያልናት ለመድን። ወላጆቿ ከስዊድን መጥተው ሜዳው ላይ እርሻ ያረሱ ናቸው። ሹራብ ትሠራለች፤ ሁልጊዜ ትሠራለች፤ ቴሌቪዥን እያየች፣ ስልክ እያወራች፣ እኔ የቤት ሥራዬን ሳነብላት ሳይቀር። ከአክስቴ ጋር ያላቸው ቋንቋ ከሃያ ቃል አይበልጥም፤ ወዳጅነታቸው ግን ያስቀናል። አንዷ የሌላዋን ሥራ ትቀበልና ገልብጣ ጀርባውን ታያለች። ጀርባው ላይ የተዝረከረከ ክር ከሌለ ራሷን ነቅንቃ ትመልሳለች። ቃል የሚያስፈልገው ነገር አልነበራቸውም።

ስለ ጣቷ ስትሰማ አሮጊቷ ወረቀትና እርሳስ ይዛ መጣች። የአክስቴን እጅ ጠረጴዛ ላይ አስተኝታ ዙሪያውን በእርሳስ ሣለችው። አክስቴ “ኖ፣ ኖ፣ ለምን ትቸገሪያለሽ” ትላለች፣ እጇን ግን አላነሳችም። ያለ ምላሽ መቀበል ደግሞ ስለማይሆንላት፣ በነጭ የአንገት ልብስ ጫፍ ላይ ከጠለፈቻቸው ሁሉ የሚያምረውን መስቀል ጠልፋ ሰጠቻት። አሮጊቷ ጀርባውን አየች። ረጅም ጊዜ አየችው።

በኅዳር ጓንቶቹን አመጣች። እንዲህ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም። ነጭና ጥቁር የሱፍ ክር አብረው ይሄዳሉ፤ አንዱ ከፊት ሲታይ ሌላው ከኋላ ይተኛል፣ ስለዚህ ጓንቱ ድርብ ነው፣ ነፋስ አያሳልፍም። አንጓው ላይ ዙሪያውን ቅጠልና አበባ አለ። አሮጊቷ ይሄ የእናቷ አሠራር መሆኑን፣ በእጅ ጀርባ ላይ ሁልጊዜ የሚገባው ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ እንደነበር፣ ዕድሜዋን በሙሉ ከዚያ ኮከብ ንቅንቅ ብላ እንደማታውቅ ነገረችን። “ላንቺ ግን ቀየርኩት” አለቻት። በኮከቡ ቦታ የአክስቴ መስቀል ነበር፤ ከአንገት ልብሱ ላይ ተቆጥሮ፣ ቅርንጫፉ እንኳን ሳይቀር፣ በግራም በቀኝም።

አክስቴ እልል አለች። ጓንቶቹን ሳመች፣ አሮጊቷን ሳመች፣ እኔን ሳይቀር ሳመች። አሮጊቷ ፊቷ በርቶ ወደ ቤቷ ሄደች፣ እኔም አንድ ጭንቀት ተገላገልኩ ብዬ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ንጋት ላይ አክስቴ ጓንቱን አጥልቃ የቆሻሻ ከረጢት ልታወጣ ጎንበስ አለችና ቆመች። እጇን አየች። ከረጢቱን አየች። እንደገና እጇን አየች።

“ምን ሆንሽ?” አልኳት።

“መስቀል ባለበት እጅ ቆሻሻ ላንሳ?”

“አውልቀሽ አንሺያ።”

“እሺ፣ ለቆሻሻው አወለቅኩ። ባሱ ላይ ስንቱ የጨበጠው ብረት አለ። መጋዘን ስገባ ሽንት ቤት አልሄድም? የት ላስቀምጣቸው? ኪሴ ውስጥ? ከመሐረቤ ጋር?”

ቀሚሶቿ ላይ ከደረት እስከ እግር የሚወርድ መስቀል እንዳለ፣ ያንን ለብሳ የማትገባበት እንደሌለ አስታወስኳት። “ቀሚስ ሌላ፣ እጅ ሌላ” አለች፣ “ቀሚስ ምን ይነካል?” ከሷ ጋር መከራከር ትርፉ ድካም ነው። ጓንቶቹን በነጭ ሻሽ ጠቅልላ ሥዕለ ማርያም ሥር አስቀመጠቻቸው፣ ቀጭኑን ጥቁር ጓንት አጠለቀች፣ በላዩ ላይ የኔን ካልሲ ደረበች፣ ወጣች። ካልሲውን ሳትጠይቀኝ ነው የወሰደችው።

አሮጊቷ በመስኮቷ አየቻት። ከትምህርት ስመለስ ጠብቃ አስቆመችኝ። “ጠበቧት?” አለችኝ።

“አይ፣ በጣም ከመውደዷ የተነሳ ነው። ለቤተ ክርስቲያን ነው የምታስቀምጣቸው።”

“ጣቶቿ ግን ሥራ ነው የሚሄዱት” አለችኝ።

የኛ ሰው ደግሞ አንድ ሰው ሲቸገር ዝም አይልም፤ ይመክራል። ቤተ ክርስቲያናችን ያኔ የፈረንጅ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ተከራይቶ ነበር፤ ከጸሎት በኋላ ሴቶቹ ባንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ጉዳዩን ያዙት። ዋናዋ ተናጋሪ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ሐይቅ ዳር፣ ቸስተርሚር፣ አዲስ ቤት የገዛችው ናት። ሐይቁ ከመኝታ ቤቷ እንደሚታይ ስንቴ እንደነገረችን አልቆጥርም። አንዳንዴ በመኪናዋ የምታደርሰንም እሷው ስለሆነች ሐይቁን ዝም ብለን ነው የምንሰማው። “ገልብጠሽ ልበሻቸዋ!” አለች። አክስቴ ጓንቱን ገልብጣ ውስጡን አሳየቻት። “እግዜር ውስጡን አያይም?” አለቻት። ሌላዋ ላስቲክ ይደረብበት አለች። ይሄኛው ምክር ተቀባይነት አገኘ። አክስቴ አንድ ሳምንት ሙሉ በሁለት እጇ የሱቅ ላስቲክ አጥልቃ ባስ ተሳፈረች። ሰው ከአጠገቧ እየተነሣ ሌላ ወንበር ይፈልግ ጀመር። እሷ ግን “እንዴት ጨዋዎች ናቸው፣ ቦታ ይለቁልኛል” ትለኝ ነበር።

ላስቲኩ እየተቀደደ አስቸገራትና በመጨረሻ ነገሩ ለአባ ይቅረብ ተባለ። አባ በወር አንዴ ከሌላ ከተማ የሚመጡልን ቄስ ናቸው። አክስቴ ተራ ይዛ ቆይታ ጓንቶቹን ከሻሹ አወጣችና ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ዘረጋችላቸው። “አባ፣ መስቀል አለባቸው። ምን ላድርጋቸው?” ብላ ልትጠይቅ ነበር። እንዲህ አድርጋ ብትጠይቅ ኖሮ ይቺን ታሪክ አልጽፍም ነበር። ግን ገና “አባ፣ መስቀል አለባቸው” እንዳለች ማልቀስ ጀመረች፤ ቄስ ፊት ሁልጊዜ እንባ ይቀድማታል። አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ፣ በሁለት እጇ፣ እያለቀሰች፣ መስቀል ያለበት ነገር ስትዘረጋ ቄስ ምን ይረዳ? አባ ተቀበሏት። “እግዚአብሔር ዋጋሽን ይክፈልሽ ልጄ። የዚህ አገር ብርድ እኛን ጎድቶናል” አሉና እዚያው አጠለቋቸው። ልካቸው ነበር።

እኔ አፌን ስከፍት አክስቴ እግሬን ረገጠችኝ። በቡት ጫማ ነው የረገጠችኝ። አባ በጓንቱ ባረኳት፣ እሷም መስቀሉን ተሳለመች፤ የእጅ መስቀላቸውን ይሁን የገዛ ጥልፏን እኔ እንጃ።

የባሰብኝ ደግሞ ደስታዋ ነው። ስንወጣ ሸክም እንደወረደላት ሰው ቀለል ብላ ትራመዳለች። “አየሽ፣ የሚገባቸውን ቦታ አገኙ” አለችኝ። ደሜ ፈላ። “የሚገባቸው ቦታ ጣትሽ ላይ ነው! ሐኪሙ ምን ነበር ያለሽ?” ብዬ ባስ ስቶፕ ላይ ጮህኩባት። “ነውር ነው፣ ሰው ይሰማል” አለች። ከኛ በቀር አማርኛ የሚሰማ ሰው በዚያ መንገድ አልነበረም።

ከዚያ ብርዱ መጣ፤ ዓይን ሽፋሽፍት የሚያጣብቀው ዓይነት። ባሱ ቀረ። አክስቴ ጠበቀች፤ የሚቀጥለውም ዘገየ፤ ሺፍቷ እንዳያልፍባት ፈርታ ከነፋሱ ሸሽታ እንኳ አልቆመችም። መጋዘን ደርሳ ጓንቷን ስታወልቅ ጣቷ አያማትም፣ ምንም አይሰማትም። “ተመስገን፣ ዛሬስ አላመመኝም” ብላ ወደ ሥራዋ ገባች። ሕመሙ የመጣው ቤት ስትገባ ነው። ስትጮህ አሮጊቷ በግድግዳው በኩል ሰማቻት።

ሐኪሙ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። አመልካች ጣቷን ጠቀለላትና እስከ ጸደይ እንጠብቃለን አለ፤ ሥጋው ራሱ የቱ ጋ እንደሚተርፍና የቱ ጋ እንደሚሞት ይለያል፣ ከዚያ የሞተው ይቆረጣል። አክስቴ መርፌ መያዝ አልቻለችም፤ የልጇን ቀሚስ ከእሷ የምትጠብቅ አንዲት የሙሽራ እናት ደውላ መጀመሪያ የጠየቀችው “ታዲያ ለጥምቀት ይደርሳል?” ብላ ነው።

አሮጊቷ ሾርባ ይዛ መጣች። የተጠቀለለችውን ጣት አየች፣ እኔን አየች። “ጓንቶቹስ?”

አክስቴ በዓይኗ አስጠነቀቀችኝ። ስጦታን አሳልፎ መስጠት ነውር ነው፣ እንዳትነግሪያት ብላኛለች። “ቤተ ክርስቲያን ናቸው” አልኩ።

አሮጊቷ ሾርባውን እየቀዳች “ቤተ ክርስቲያናችሁን ባየው ደስ ይለኛል” አለች። አክስቴ ይሄንን ስትሰማ ሕመሟን ረሳች። ከገና በኋላ ባለው እሑድ ቀትር ላይ የበዓል ምሳ ነበረን። ለሁሉም ሰው “ፈረንጅ ጓደኛዬ ትመጣለች” ብላ አስወራች።

የቸስተርሚሯ ሴት በመኪናዋ ወሰደችን። አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ እንደ ልማዳችን ምሳው ገና አልደረሰም። አባ ከውጭ በረዶ ከእግራቸው እያራገፉ ሲገቡ ሰው ሁሉ ተነሣ፣ ወዲያው ሰልፍ ሆነ። አሮጊቷ ሰልፍ ታውቃለች፤ አክስቴን ተከትላ ቆመች። እኔ ከኋላቸው ነበርኩ፤ የአባን እጆች ከሩቅ አየኋቸው፤ ጓንቶቹን አጥልቀዋል።

አክስቴ ደረሰች። የታሰረችውን ጣት ወደ ጎን አድርጋ ጎንበስ ብላ ተሳለመች። አባ “እግዚአብሔር ይማርሽ ልጄ” አሉ፣ ከልባቸው። እጃቸው በመስቀል ጓንቱ ውስጥ ሞቆት ነበር። የአሮጊቷ ተራ ደረሰ። አሮጊቷ የቀረበላትን መስቀል አላየችም፤ ጓንቱን አየች። የአባን እጅ ያዘችና አንጓው ላይ ጠርዙን ገልብጣ ጀርባውን ተመለከተች። የራሷ ክር ነበር።

“እነዚህን እፈልጋቸዋለሁ” አለች።

አባ “ምን አለች?” ብለው ወደ ሰው ዞሩ። እኔ አቀርቅሬ ጫማዬን አየሁ። አንድ ሰውዬ ከኋላ ቀልጠፍ ብሎ “ቡራኬ ፈልጋ ነው አባ” አለ። አባ ደስ አላቸው፣ ሁለቱንም እጃቸውን ዘረጉላት። እሷም ሕፃን ከበረዶ ገብቶ እናቱ እንደምታወልቅለት አንዱን ሳበች፣ አባ መስቀሉን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩላት፣ ሌላውንም ሳበች። “ታንክ ዩ” አለች። ከዚያ ወደ አክስቴ ዞረች። የግራውን አጠለቀችላት። የቀኙን ሲሆን ጠርዙን በሁለት ጣቷ ለጥጣ፣ ፋሻውን እንዳትነካ እየተጠነቀቀች፣ ቀስ ብላ አስገባችው። ጨርሳ የአክስቴን እጅ መታ መታ አደረገችና ሄዳ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ምሳም በላች። ወጡ ስላቃጠላት ውሃ ለመነችኝ።

ስንመለስ አሮጊቷ በዕድሜዋ ምክንያት ከፊት ተቀምጣለች፤ አማርኛ ስለማትሰማ በመስኮት ውጭ ውጩን ታያለች። የቸስተርሚሯ ሴት አጠገቧ መሪውን እንደያዘች ትፎክራለች። “ኤምባራስ አደረገችን! አባ ፊት! ከእጃቸው ላይ! ሪስፔክት የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም እንዴ? ሁለተኛ እንዳታመጪያት፣ ነገርኩሽ።” አሮጊቷ ስለ መንገዱ የምታወራት መስሏት ፈገግ አለችላት።

አክስቴ ጓንቱን እንዳጠለቀች እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ነበር። በኀፍረት የምትሞት መስሎኝ ፊቷን ለማየት ፈራሁ።

“ይቺን ጣት አይቶ እግዜር ይማርሽ ያላለኝ ሰው የለም” አለች። “እስከ ዛሬ ስባል ከረምኩ። አሜን፣ አሜን፣ አሜን ስል። ጓንቷን ይመልሱላት ያለ ግን አንድ ሰው የለም። ይቺ ብቻ ናት።” ቀጥላ ወደኔ ዞረች፤ “አንቺም ብትሆኚ ጩኸትሽ በኔ ላይ ብቻ ነው።”

እስከ ቤታችን ድረስ ስለ ሐይቁ እንኳ የተናገረ አልነበረም።

የጣቷ ጫፍ አልተረፈም። በጸደይ ሐኪሙ ከጥፍሯ ሥር ቆረጣት፤ አክስቴ በመሐል ጣቷ መርፌ መግፋት እስክትለምድ ድረስ ስንት ጨርቅ እንደተበላሸና ስንት ቀን እንዳለቀሰች እኔ ነኝ የማውቀው። አሁንም ትጠልፋለች፤ እንደ ድሮው አይደለም፣ እሷም ታውቀዋለች፣ ስለ ጥልፏ የሚጠይቃት ሰውም ሻዩን ሙቅ ሆኖ ይጠጣል።

ከዚያ ምሳ በኋላ በነበረው እሑድ ግን፣ ሴቶቻችን አባ በዚህ ብርድ ባዶ እጃቸውን ቀሩ ብለው ከንፈር መጠጡ። ለቆዳ ጓንት መግዣ ይዋጣ ተባለ። ለአክስቴ ጣት ተሰብስበው የማያውቁ ሰዎች ያን ቀን ሣጥኑን ባንድ ዙር ሞሉት። ሣጥኑን ይዛ የምትዞረው የቸስተርሚሯ ሴት አክስቴ ጋ ስትደርስ አልፋት ልትሄድ አለች። አክስቴ “ቆይ፣ እኔም እሰጣለሁ” አለቻት። ጓንቷን እንዳጠለቀች ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አደረገች፣ ዚፑን ለመክፈት ታገለች፣ አመለጣት፣ እንደገና ያዘችው። ብሩ ከወፍራሙ ሱፍ እየሾለከ ይወድቃል፣ ታነሣዋለች፣ ይወድቃል። “አውልቂውና አውጪ እንጂ” አለቻት ያቺ፣ ሣጥኑን እንደያዘች። ሰው ሁሉ ዞሮ ያያል። አክስቴ ቀና ብላ አየቻት፣ ጓንቷን ግን አላወለቀችም።